ኦቦ ገመቹን የፈለግኩበት ሠንጠረዥ

ፕሮግራሚንግ መማር የጀመርኩት በንዴት ነው። አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት አሥራ ስድስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ ለሥልጠና የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ ሻዩን ፉት እያለ «ከእንግዲህ ጸሐፊ የሚባል ነገር አያስፈልግም፤ ሶፍትዌሩ ሁሉንም ይሠራዋል» ሲል ሰማሁት። ለእኔ ብሎ አልነበረም። ግን ፋይል ታቅፌ ከኋላው ቆሜ ነበርና ጉንጬ ጋለ። የሚያውቁኝ ሁሉ እንደሚመሰክሩት ስናደድ የምለፈልፍ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን ፋይሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

በሳምንቱ የወንድሜ ልጅ አዲስ ሲገዛ የተዋትን ላፕቶፕ ለምኜ ወሰድኩ። ባትሪዋ ስለሞተ ከሶኬት ከተነቀለች ድርግም ትላለች። በስልኬ የትምህርት ቪዲዮ እያየሁ፣ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ነበር የቀሩኝ። ብዙ ሳይቆይ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ኢንጂነር አስናቀች» የሚል ስም ወጣልኝ። ስሙን ያወጣችው ሌሊሴ ናት። ሌሊሴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስትሆን ጓደኛዬም የአጥር ጎረቤቴም ስለሆነች እንደፈለገች የመቀለድ ፈቃድ አላት።

ቪዲዮው ላይ የሚያስተምረው ሰው «ለመለማመድ በየቀኑ የምታዩትን መረጃ ሰብስቡ» ይል ነበር። እኔ በየቀኑ የማየው የቴሌግራም ግሩፓችንን ነው። በአምቦ መስመር የምንመላለስ ሰዎች የምንጻጻፍበት ግሩፕ ነው፤ «ወደ ጊንጪ መኪና ጠፋ»፣ «ነገ ሐሮ ወንጪ፣ ሐይቁ ጋ፣ እንግዳ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሁለት ቦታ አለኝ»፣ «ጥቁር ቦርሳ መኪና ውስጥ የረሳችሁ» እየተባለ ቀኑን ሙሉ ይጻፍበታል። ግማሹ አማርኛ ነው፣ ግማሹ ኦሮምኛ፤ ብዙዎቻችን በአንዱ ጀምረን በሌላው እንጨርሳለን። የግሩፑን ኃላፊ መልእክቶቹን ለልምምድ ልሰብስብ ብዬ ስጠይቀው «ውሰጂ፣ ብቻ ስድቡን አውጪልን» አለኝ።

ፕሮግራሜ መልእክቶቹን ሰብስባ፣ ማን ምን እንደጻፈና በስንት ሰዓት እንደጻፈ በሠንጠረዥ ታስቀምጥልኛለች። ከዚያ በየትኛው ቀን መኪና እንደሚጠፋ፣ ስለየትኛው ከተማ ብዙ እንደሚወራ እቆጥራለሁ። ሰዓቱ የሚመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። እኛ ደግሞ የፈረንጅ ሰዓት ስናይ ስድስት ቀንሰን የራሳችንን ማግኘት ከልጅነት የለመድነው ነው። እኔም ስድስት ቀንሼ «የሐበሻ ሰዓት» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። በዚያ ዓምድ የኮራሁትን ያህል በልጅነቴ አንደኛ ስወጣም አልኮራሁም። የጸሐፊነት አመል አይለቅምና ሠንጠረዡን ሁሉ በወረቀት አትሜ ነበር የማነበው።

አሁን ኦቦ ገመቹን ላስተዋውቃችሁ። የሌሊሴ አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር። ከሁለት ዓመት ወዲህ መርሳት ጀምረው ነበር። የልጃቸውን ስም ይረሱና የመንገዱን ጠመዝማዛ ግን አንድ በአንድ ይቆጥሩታል። ጠዋት ጠዋት መነኸሪያ ሄደው ከሹፌሮች ጋር ይቀመጣሉ፤ ምሳ ሲደርስ ይመለሳሉ። የመስመሩ ሹፌሮች ማንም ያልጻፈው ደንብ አላቸው። ያገለገለ ሹፌር መኪና ሲገባ ሒሳብ አይጠየቅም፣ ጋቢና ይቀመጣል፣ «ወዴት ነው?» ተብሎም አይመረመርም፤ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ይህ አክብሮት አንድ ቀን ጣጣ እንደሚያመጣ ማናችንም አላሰብንም።

ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ዓርብ ቀን። አምስት ሰዓት ገደማ ሌሊሴ ቢሮዬ መጥታ፣ አንድ ባለጉዳይ የራሱን ፋይል ብብቱ ሥር ይዞ «ፋይሌን አምጡ» እያለ እንዴት እንደጮኸባት ስትተርክልኝ ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ ልትበላ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰባት ተኩል ላይ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«አስኑ፣ አባዬ የለም» አለችኝ።

«መነኸሪያ ይሆናሉ።»

«ሄድኩ እኮ። አንዱ ወደ ጊንጪ ሲሄዱ አየሁ ይላል፤ ሌላው የለም ወደ ጉደር ነው ይላል። ሰዓቱን ስጠይቅ አንዳቸውም አያውቁም። ምሳ ቀርተው አያውቁም፣ አስኑ።»

ጊንጪ በአዲስ አበባ መንገድ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጉደር ደግሞ ተቃራኒው፣ ወደ ምዕራብ። ፎቷቸውን ከሌሊሴ ስልክ ወስጄ፣ ሰማያዊ ካፖርት መልበሳቸውን ጨምሬ፣ «አፋልጉን» የሚል መልእክት በአማርኛም በኦሮምኛም ጽፌ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ይላል።

መልስ እንደ ጎርፍ መጣ። ምርቃቱ፣ «ማርያም ታገናኛችሁ»ው፣ መልሶ የተላከው የእኔው መልእክት፣ ስለ ሌላ ሽማግሌ የሚያወራው፣ ሁሉም ተደባለቀ። ሌሊሴ በጣቷ እየገፋች ታነባለች። ያኔ ነው «ቆዪማ» ብዬ ላፕቶፗን የከፈትኩት። ፕሮግራሜን የዛሬውን መልእክት ከጠዋት ጀምሮ እንድትሰበስብ፣ ከዚያ ሽማግሌ፣ በኦሮምኛም «ጃርሰ»፣ ሹፌር፣ ካፖርት የሚሉ ቃላት ያሉበትን ብቻ እንድትለይልኝ አዘዝኳት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚረባ ነገር ያላቸው ሁለት መልእክቶች ቀሩ።

አንደኛው አፋልጉን ካልን በኋላ የመጣ ነው። አንዲት ሴት «ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጊንጪ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆመው አይቻቸዋለሁ» ትላለች። ሁለተኛው ግን ማንም እሳቸውን መፈለግ ሳይጀምር የተጻፈ፣ በጨዋታ መካከል ተቀብሮ የቀረ ነው። ቶሎሳ የሚባል ሰው በኦሮምኛ «ጉደርን አልፈን ወደ ሸነን እየሄድን ነው፤ ጋቢና የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰማያዊ ካፖርት ለብሰው ጉድጓዱን ሁሉ ሳንደርስበት ለሹፌሩ ይነግሩታል፣ አንድም አልሳቱ» ብሎ ጽፏል። ሌሊሴ ይህን ስታነብ አለቀሰች። «እሳቸው ናቸው! ሌላ ማን ይሆናል?»

የሐበሻ ሰዓት ዓምዴን አየሁ። የቶሎሳ መልእክት ትይዩ 2:10 ይላል። ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየኝ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ወደ ሸነን በሚሄድ መኪና ነበሩ፤ ሦስት ተኩል ላይ ጊንጪ ታዩ። ስለዚህ ጉደር ማዶ ወርደው ተመልሰዋል፣ አምቦን አልፈው ጊንጪ ደርሰዋል። ከጊንጪ ቀጥሎስ? አዲስ አበባ! ታላቅ ወንድ ልጃቸው እዚያ ነው የሚኖረው።

ወረቀቱን አትሜ ይዤ ወደ ሌሊሴ ቤት ሮጥን። እናቷ አዴ ጫልቱ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ማል ታኤ? ምን ተገኘ?» አሉ።

«ወደ ልጃቸው እየሄዱ ነው፣ አዴ ጫልቱ። አዲስ አበባ።»

«ገመቹ? አዲስ አበባ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ገመቹ አዲስ አበባን አይወድም። እንኳን ብቻውን፣ ለምነነውም አይሄድም።»

እኔ ምን እንዳልኩ አሁንም ሳስታውሰው ያመኛል። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ «መረጃው ነው የሚለው» አልኳቸው። አርባ ስድስት ዓመት አብረዋቸው ለኖሩ ሴት! አዴ ጫልቱም ፊደል ለቆጠረ ሰው ክብር ስላላቸው ከበሩ ዘወር አሉልኝ።

የጎረቤታችን ሚኒባስ ተነሥቶ ሌሊሴና አራት ሰዎች ወደ ጊንጪ በረሩ። እኔ ስልክ ይዤ፣ ወረቀቴን ይዤ፣ ከአዴ ጫልቱ ጋር ቀረሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ጀመረ። አዴ ጫልቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው «ካፖርቷ ስስ ናት» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ያንኑ ይደግሙታል። የሸነን መንገድ ደጋ ነው፤ በነሐሴ ሲመሽ ብርዱ ጤነኛውንም አይምርም። እሳቸው ግን አዲስ አበባ መንገድ ላይ ናቸው ብዬ ስለማምን የሸነን ብርድ አላሳሰበኝም።

አሥር ሰዓት አካባቢ ሌሊሴ ደወለች። «ጋራዡን አገኘነው። እሳቸው ናቸው። ሦስት ተኩል ላይ ነበሩ ይላል ሰውየው፤ ቺንጋ ለመኑኝ ብሏል።»

«ምን?»

«የሞተር ቺንጋ፣ ያቺ የጎማ ቀበቶ፣ አሮጌ። የሚያውቃቸው ስለሆነ ሰጥቷቸው ወጡ። በየት እንደሄዱ አላየም። እኛ ወደ ሆለታ እየጠየቅን እንቀጥላለን።»

ስለ ቺንጋው ለአዴ ጫልቱ አልነገርኳቸውም። የረሳ ሰው ነገር ነው፣ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። ሥራ ስፈታ ማንበብ ልማዴ ነውና ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ያዝኩ። የመጨረሻዎቹ ረድፎች ላይ ስደርስ የራሴን ስም አየሁ። «አፋልጉን» ያልኩበት መልእክት ነው። ትይዩ ያለውን ሰዓት ሳነብ ዓይኔ የተሳሳተ መሰለኝ። 5:04 ይላል።

አምስት ሰዓት ከአራት? አምስት ሰዓት ላይ እኔና ሌሊሴ ቢሮ ውስጥ በዚያ ባለጉዳይ እየሳቅን ነበር። ሰው መጥፋቱን እንኳ አናውቅም። መልእክቱን የላክሁት በስምንት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ነው፤ ሰዓቴን አይቼ! ታዲያ እኔ የጻፍኩት ሦስት ሰዓት ወደኋላ ከሄደ፣ የሌላው ሰውስ?

ክው አልኩ። ስልኬን አውጥቼ የቶሎሳን መልእክት ፈለግኩ። ይህን ከሁለት ሰዓት በፊት ባደርገው በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ ግን ሠንጠረዥ ያላት ሴት ስልክ ምን ታደርጋለች! ስልኩ በፈረንጅ 11:10 ይላል። በእኛ አምስት ከአሥር። እኔ ሁለት ከአሥር ያልኩት።

በኋላ ስረዳው፣ ፕሮግራሜ የምታመጣው ሰዓት የኢትዮጵያን አልነበረም። የዓለም መነሻ የሚባለውን፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ የሚቀረውን ነው። የፈረንጅ ሰዓት ባየ ጊዜ ስድስት የሚቀንስ እጄ፣ ሰዓቱ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ቀነሰ። የጊንጪዋ ሴት ግን ሰዓቱን በራሷ ቃል ስለጻፈችው ትክክል ነበር። ትክክሉንና ስህተቱን ደባልቄ የሰውየውን ጉዞ የፊቱን ወደኋላ፣ የኋላውን ወደፊት አደረግኩት። ኦቦ ገመቹ መጀመሪያ ጊንጪ ነበሩ። ቀጥሎ ነው ወደ ሸነን የሄዱት። እኔ ደግሞ የሚፈልጓቸውን ሰዎች ሁሉ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሰድጄ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ቀኑ እየመሸ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ። ለሌሊሴ ከመደወሌ በፊት አንድ ሐሳብ መጣብኝ። «አዲስ መረጃ ደረሰን፣ ሸነን ታይተዋል» ብል ማን ያውቅብኛል? ስህተቴ ከእኔ ጋር ይቀራል፣ «ኢንጂነር አስናቀች»ም ክብሯ አይነካም። ይህን ያሰብኩት ለጥቂት ሰከንድ ነው። እነዚያን ሰከንዶች ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም፤ ማንነቴን ያየሁት እዚያ ነው። ከዚያ ግን አሁን ታይተዋል ብል፣ ወደ ሸነን የሄዱት ገና አሁን ይመስላቸዋል፣ እንደገና በተሳሳተ ሰዓት ይፈልጓቸዋል አልኩ። ደወልኩ።

«ሌሊሴ፣ ተሳስቻለሁ። በሰዓቱ ሦስት ሰዓት ተሳስቻለሁ። ከጊንጪ በኋላ ነው ወደ ሸነን የሄዱት። አንከራተትኳችሁ።»

የሚኒባሱ ዝናብ መጥረጊያ ሲንጫጫ ይሰማኛል። የስድብ መዓት ይወርድብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እሺ» አለች። «አሁን ወዴት ነው?»

ሌላ አንድ ቃል አልጨመረችም። ሹፌሩን «አዙረው» ስትለው ሰማሁ።

ስልኩን ስዘጋ አዴ ጫልቱ ከኋላዬ ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ቀና ብዬ ሳላያቸው «ጠዋት ጊንጪ ጋራዥ ሄደው የሞተር ቺንጋ ለምነው ወሰዱ፤ ከዚያ በሸነን መኪና ሄዱ» አልኳቸው። በትክክለኛው ቅደም ተከተል ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገራቸው ያኔ ነው።

ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ዋቃዮ! አምላኬ! መኪናው! መኪናው ጋ ሄደ!»

«የትኛው መኪና?»

«ሌሊሴ ሳትወለድ ነው። በክረምት ሸነን መንገድ ላይ፣ ድልድዩ ጋ ቺንጋው ተበጠሰበት። መኪናው ሙሉ ሰው ነው፤ እርጉዝ ሴትም አለችበት። ረዳቱን ጠብቅ ብሎ ጊንጪ ድረስ በሰው መኪና ሄዶ፣ ቺንጋ ፈልጎ፣ በማግስቱ ተመለሰ። ሁለት ቀን ሙሉ። አንድም ሰው ሳይጎዳ ሸነን አስገባቸው።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አሁንም ተሳፋሪዎቹን ሊያስገባ ነው የሄደው።»

እኔ ግራ የተጋባ ሽማግሌ ወዲያና ወዲህ ሲንከራተት ነበር የታየኝ። ሰውየው ግን ከቤት የወጡት አውቀው ነው። መጀመሪያ ዕቃውን፣ ቀጥሎ መኪናውን። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነበሩ።

ለቶሎሳ ግሩፑ ላይ ጻፍኩለት፣ ለብቻውም ጻፍኩለት። አዴ ጫልቱ «ደወለ?» ይሉኛል፤ «አልደወለም» እላለሁ። ዝናቡ ጣሪያውን ይወቅጠዋል። ሩብ ሰዓት ሆነ፣ ሃያ ደቂቃ ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ።

«ቶሎሳ እባላለሁ፣ ሸነን ግብርና ነው የምሠራው። ስብሰባ ላይ ሆኜ አሁን ነው ያየሁት። እኚያ አባት ሸነን አልገቡም እኮ! ድልድዩ ጋ 'አቁም፣ መኪናዬ እዚህ ናት' ብለው ወረዱ። ሹፌሩም አክብሮ አወረዳቸው።»

«አሁን ማን አለ እዚያ?»

«በዚህ ዝናብ ማን ይኖራል? ሞተር ሳይክል አለኝ፣ እሄዳለሁ።»

«ዝናቡስ?»

«አባት አይደሉም እንዴ፣ እህቴ?» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ የነበረው ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ በሰዓት ማመን አቁሜ ነበር። ሌሊሴ አምቦን አልፋ ጉደር ደርሳለች። አዴ ጫልቱ መጸለይ ጀምረው መሐል ላይ ያቆሙና ስልኩን ያያሉ። መጨለም ሲጀምር ቶሎሳ ደወለ።

«አገኘኋቸው!»

አዴ ጫልቱ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ግን አልሄድም ብለውኛል» አለ ቶሎሳ። «መንገዱ ዳር ቆመዋል፣ በስብሰዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ። ቺንጋ ትከሻቸው ላይ አድርገው 'ተሳፋሪ ጥዬ አልሄድም' ይላሉ። ልጎትታቸው አልችልም። ምን ላድርግ?»

ምን ይባላል? «መኪና የለም፣ ዘመኑ አልፏል» ይባላል? እኔ ይህን ልል አፌን ስከፍት አዴ ጫልቱ እጃቸውን ዘረጉ። «ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግለት በይው» አሉ። አደረገላቸው። አዴ ጫልቱም ልጅ እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብለው «ገመቹ ኮ፣ ነምኒ ሁንዱ ገሌራ። ኮቱ ገሊ» አሏቸው። የእኔ ገመቹ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል፤ አንተም ና ግባ ማለታቸው ነው።

በዝናቡ መሐል የኦቦ ገመቹ ድምፅ፣ ደክሞ፣ ግን የሹፌር ድምፅ ሆኖ መጣ።

«ሁሉም?» አሉ በኦሮምኛ።

«ሁሉም። እርጉዟም።»

ቆይቶ ቶሎሳ ስልኩን መልሶ ያዘው። «ቺንጋውን ሰጡኝ» አለ። እሱም እያለቀሰ ነበር። «ሞተሩ ላይ እየወጡ ነው።»

ያን ሌሊት ኦቦ ገመቹ ቶሎሳ ቤት፣ የቶሎሳን ልብስ ለብሰው አደሩ። ሌሊሴም ደርሳ አጠገባቸው አደረች። ጠዋት ሚኒባሷ በራችን ላይ ስትቆም የሰፈሩ ሰው እልል አለ። እኔ ከአጥሬ ጀርባ ቀረሁ፤ ማፈሬ ነው። ሌሊሴ መጥታ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ለሰው ሁሉ «አስኑ ናት ያገኘቻቸው» እያለች አወራች። ያሳሳትኳቸው እኔ መሆኔን ለአንድም ሰው አልተነፈሰችም። በኋላ ግሩፑ ላይ ራሴ ጻፍኩት፤ ሰዓቱን እንዴት እንደሳትኩ ከነምክንያቱ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ላፕቶፗን ልጥላት ፈልጌ ነበር። ከዚያ ሐሳብ የመለሰኝ የአዴ ጫልቱ ነገር ነው። «መሣሪያሽ ባይኖር የሸነኑን ልጅ ማን ያገኘው ነበር?» አሉኝ። እውነት ነው፤ ቶሎሳ መንገድ ሰልችቶት የጻፋትን አንዲት መስመር ያወጣችው ያቺ ፕሮግራም ናት። ትርጉሟን ያወቁት ግን አዴ ጫልቱ ናቸው፤ እኔ «መረጃው ነው የሚለው» ብዬ ያስቆምኳቸው ሴት። ዛሬ የየመሥሪያ ቤቱን ጸሐፊዎች ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምራለሁ። መጀመሪያ የማስተምራቸው ስለ ሰዓት ነው። ሠንጠረዥ ሠርተው ሲጨርሱ ደግሞ፣ ነገሩን በዓይኑ ላየ ሰው አሳይታችሁ ሳትጠይቁ አትመኑት እላቸዋለሁ። እናንተም አንድ ቀን በሙሉ ልባችሁ ተሳስታችሁ ሰው ብታንከራትቱ፣ እንደ ሌሊሴ «እሺ፣ አሁን ወዴት ነው?» የሚል ሰው ይስጣችሁ። እኔ ተሰጥቶኛል፤ ስለዚህም ሳመሰግን እኖራለሁ።

ኦቦ ገመቹ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አብረውን ኖሩ። አንድ ቀን ፀሐይ ሲሞቁ፣ ስሜን ጠርተው ሰላም ስላሉኝ ዛሬ ደህና ናቸው ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩና የከበደኝን አወጣሁት። «ኦቦ ገመቹ፣ ድልድዩ ጋ የቆሙ ቀን ሰዎቹን በስህተት ወደ ጊንጪ የላክኋቸው እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

አሰብ አደረጉ። «ስንት ሰዓት ተሳሳትሽ?»

«ሦስት ሰዓት።»

ጥርስ የሌለው ሳቃቸውን ሳቁና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉት። «የሸነንን መንገድ ስለማታውቂው ነው እንዲህ የምትጨነቂው፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። «በዚያ መንገድ ሦስት ሰዓት ብቻ ዘግይቶ የደረሰን ሰው፣ በጊዜ ገባ ነው የምንለው።»